ጅቡ ምን አደረገ? በሐረር የእንስሳና የሰው ባህሪ አመዘጋገብ መመሪያ

«ትናንት ማታ ሐረር፣ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ አንዱ ጅብ ጅራቱን አቁሞ ነበር፤ ምን ማለቱ ነው?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ደጋግሞ ይደርሰናል። እኛም የምንመልሰው በጥያቄ ነው። ጆሮው ወደ ፊት ነበር ወይስ ወደ ኋላ ተለጥፎ? ከጎኑ ማን ነበር? ቀጥሎስ ምን ሆነ? ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያስታውስም። «ተናደደ» ብሎ ከደመደመ በኋላ ማየቱን አቁሟልና።

የዚህ መመሪያ ሥራ አንድ ነው፦ መጀመሪያ አካሉ ያደረገውን መጻፍ፣ ትርጉሙን በኋላ መፈለግ። ለባዮሎጂና ለሳይኮሎጂ ተማሪዎች፣ ለአስጎብኚዎችና ከብት ለሚያረቡ ሰዎች እንዲያገለግል ተጽፏል። ምሳሌዎቹ በብዛት የሐረር ጅቦች ናቸው፤ አሠራሩ ግን ለድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ግመልም ለገበያተኛም ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና 2 እርሳስ። እስክሪብቶ እርጥበት ወይም ቅባት በነካው ወረቀት ላይ ይነጥፋል።
- ንዝረት ያለው ስልክ። ድምፁን ዝጉና በየ2 ደቂቃው እንዲነዝር አድርጉት። ዓይናችሁን ከእንስሳው ሳታነሱ ጊዜው መድረሱን ታውቃላችሁ።
- የእጅ ባትሪና በመስታወቱ ላይ 2 ወይም 3 ጊዜ ተደራርቦ የሚታሰር ቀይ ሴሎፎን። የጅብ ዓይን ለቀይ ብርሃን ያለው ስሜት ደካማ ነው፤ የእናንተም ዓይን ጨለማውን እንደለመደ ይቆያል። ነጭ ብርሃን ከበራባቸው በኋላ የምትመዘግቡት ለባትሪ የሰጡትን ምላሽ ነው።
- ባይኖኩላር፣ ከተገኘ 8×42። ሁለተኛው ቁጥር የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሰፊ ሲሆን በምሽት የተሻለ ብርሃን ይሰበስባል። 10×25 የሚለው ትንሹ ለቀን እንጂ ለማታ አይሆንም።
- አብሮ የሚሠራ ሰው። አንዱ ያያል፣ ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራል፤ ሌላው ይጽፋል። ማታ ብቻችሁን አትውጡ።
- ከምትማሩበት ወይም ከምትሠሩበት ቦታ የተጻፈ ደብዳቤ።

ሥጋ፣ አጥንትና የምግብ ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ።

አሠራሩ

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «የጅብ ባህሪ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ተመልካቹ ከ20 ሰው ሲበልጥ ጅቦቹ ወደ ቀላቢው (ማታ ማታ ሥጋ ወደሚያበላቸው ሰው) ለመቅረብ የሚወስድባቸው ጊዜ ይረዝማል ወይ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ ምን እንደሚቆጠር (ሰውና ደቂቃ)፣ ከየት እንደሚጀመር ይነግራችኋል። ያለ ጥያቄ የወጣ ሰው ሁሉንም ሊጽፍ ይሞክርና ከመሸ በኋላ እርስ በርሱ የማይነጻጸር ብዙ ገጽ ይዞ ይመለሳል።

2. ቦታውንና ሰዓቱን ወስኑ። ለጀማሪ በጅብ መጀመርን አንመክርም። በቀን፣ ሐረር ጊዲር መጋላ ገበያ ሥጋ ቤቶቹ ዘንድ፣ ጣሪያ ላይ ከሚቀመጡት ጭልፊቶች ጀምሩ። በደንብ ይታያሉ፤ ሥጋ ይዞ የሚያልፈውን ሰው እያዩ ይወርዳሉ፤ እንስሳውንና ሰውየውን በአንድ ገጽ ላይ ለመመዝገብ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ድሬዳዋ ላላችሁ ቀፊራ ጠዋት ጥሩ ነው፦ ግመል፣ አህያ፣ ፍየልና ሻጭ በአንድ ላይ ይገኛሉ። ከቀትር በኋላ ግን ሙቀቱ ሰውንም እንስሳንም ጥላ ውስጥ ስለሚከት የምታገኙት «ተኝቷል» የሚል ረጅም አምድ ነው። ጠዋትንና ከሰዓትን አንድ ላይ ደምራችሁ አማካይ አታውጡ።

ማታ ለጅብ ስትወጡ ጀምበር ሳትጠልቅ ቦታ ያዙ። ቆይታችሁ ከመጣችሁ የመጀመሪያዎቹ ጅቦች ከየት አቅጣጫ እንደመጡ አታውቁም። የሚቀለቡበት ቦታ ሊቀየር ስለሚችል የዕለቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ መዝገብ የሚያበላሽ ነገር አለ፦ ሰዓት። ስልኩ 19:10 ይላል፣ ጓደኛችሁ 1:10 ይጽፋል፤ ስልኩ በፈረንጅ ቀን፣ ደብተሩ በእኛ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡና በየገጹ ራስ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን» ብላችሁ ጻፉ። በተጨማሪ ወሩን በሂጅራም መዝግቡ። በረመዳን ሰው የሚበላበትና የሚተኛበት ሰዓት ይቀየራል፤ በአረፋ ደግሞ ከየቤቱ የሚጣለው አጥንትና አንጀት ይበዛል። ያንን ሳይጽፍ የቀረ ሰው «በዚህ ሳምንት ጅቦቹ ለምን አልመጡም?» እያለ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

3. መጀመሪያ ሳትቆጥሩ ተቀመጡ። ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ዝም ብላችሁ እዩ፤ የምትሰሙትንና የምታዩትን እንደመጣ ጻፉ። ዓላማው ሁለት ነው፦ እንስሳውም ሰውም እናንተን ይለምዳል፤ እናንተም የትኛው ድርጊት እንደሚደጋገም ትለያላችሁ። እነዚህን ገጾች ወደ ስሌት አታስገቡ። ሳይቆጥሩ የሚጻፍ ማስታወሻ ደማቁን (ጠብን፣ ጩኸትን) እየያዘ ጸጥተኛውን ይጥላል።

4. የባህሪ ዝርዝር አውጡ። ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ለእያንዳንዱ ድርጊት አጭር ምልክትና ሌላ ሰው አንብቦ ሊለየው የሚችል ፍቺ ይኑረው። ፍቺው ውስጥ «ፈራ»፣ «ተናደደ»፣ «ፈለገ»፣ «ደስ አለው» የሚሉ ቃላት አይገቡም። ለጅብ ከዚህ መጀመር ይቻላል፦

- ጅ-ወ፦ ጅራት በልቅ ወደ ታች የተንጠለጠለ። የተለመደው አቋም።
- ጅ-ሆ፦ ጅራት በእግሮቹ መካከል ተጠቅልሎ ከሆድ የተጣበቀ።
- ጅ-ቀ፦ ጅራት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ።
- ጅ-ጀ፦ ጅራት ወደ ላይ ቆሞ ወደ ጀርባ የታጠፈ።
- ጆ-ፊ፣ ጆ-ለ፦ ጆሮ ወደ ፊት፣ ጆሮ ወደ ኋላ የተለጠፈ።
- ጸጉር፦ የአንገትና የጀርባ ጸጉር መቆም።
- ጥርስ፦ ራስ ዝቅ ብሎ የከንፈር ጥግ ወደ ኋላ ተስቦ ጥርስ መታየት።
- ሰላምታ፦ ሁለት ጅቦች ራስና ጅራት ተቃርነው ጎን ለጎን ቆመው፣ የኋላ እግር አንሥተው መሸታተት። ማን ቀድሞ እግሩን እንዳነሣ ይጻፍ፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያነሣው በደረጃ ዝቅ ያለው ነው።
- ቅባት፦ በሣር አገዳ ላይ በመሄድ ከፊንጢጣ አካባቢ ዕጢ የሚወጣ ሽታ ያለው ቅባት መቀባት።
- መልቀቅ፦ ሌላ ጅብ ከቀረበ በ3 ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ አንድ የሰውነት ርዝመት ያህል ከቦታ መራቅ።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። «ሸሸ» ብቻ ቢባል አንዱ ጸሐፊ አንድ እርምጃን ይቆጥራል፣ ሌላው ሩጫን ብቻ። 3 ሰከንድና አንድ የሰውነት ርዝመት የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ልትቀይሩት ትችላላችሁ። በሥራው መካከል ግን አይቀየርም።

ጅራት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጅ-ቀ ከጆ-ፊና ከቆመ ጸጉር ጋር ሲመጣ ማጥቃት ይከተላል፤ ጅ-ሆ ከጆ-ለና ከጥርስ ጋር ሲመጣ እንስሳው ለሌላው እየተገዛ ነው። ጅ-ጀ ደግሞ ብዙ ጅቦች ሞቅ ሞቅ ሲሉ ይታያል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሦስቱንም (ጅራት፣ ጆሮ፣ ጸጉር) ጻፉ። ከላይ የተጠቀሰው ጥያቄ የማይመለሰው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ስለተያዘ ነው።

ድምፅንም እንዲሁ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውን ረጅም ጩኸት «ረጅም»፣ ተቆራርጦ የሚሰማውን ከፍ ያለ ድምፅ «ቁርጥራጭ» በሉት። ሁለተኛውን ብዙ ሰው «የጅብ ሳቅ» ይለዋል፤ በአብዛኛው የሚያሰማው ግን የሚባረር ወይም ምግብ የተከለከለ ጅብ ነው። «ሳቅ» ብላችሁ ከጻፋችሁት በኋላ ስታነቡት ራሳችሁን ታሳስታላችሁ።

5. እያንዳንዱን ለዩ። የጅብ ነጠብጣብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የግራውና የቀኙ ጎንም አይመሳሰልም። ስለዚህ ለመለያ አንድ ጎን ምረጡ (ለምሳሌ ቀኝ)፣ ሌላውን ማረጋገጫ አድርጉት። የጆሮ ቅዳጅና የቆዳ ጠባሳ ይጨመር። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፦ ጅ1፣ ጅ2። ቀላቢዎቹ የየራሳቸው መጠሪያ አላቸው፤ ጠይቃችሁ በጎኑ ጻፉት፤ ለሥራው ግን ቁጥሩን ተጠቀሙ። ስም ሲጠሩ ባህሪውንም አብረው ይጠሩታልና።

ጾታ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል። ትልቁንና ሌሎቹን የሚያባርረውን «አውራ» ብሎ ይጽፋል። በነጠብጣብ ጅብ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ በመንጋውም ውስጥ ከሌላ መንጋ በመጡ ወንዶች ላይ የበላይ ናት። የሴቷ ብልትም የወንድ ስለሚመስል ከሩቅ በእሱ መለየት አይቻልም። ያጠባች ሴት ጡቷ ጎልቶ ይታያል፤ ያ ካልታየ «ጾታ ያልታወቀ» በሉ። አማርኛችን ግን «ወጣ» ወይም «ወጣች» ብላችሁ እንድትመርጡ ያስገድዳችኋል። ከዚህ ለማምለጥ ግሱን ትታችሁ «መውጣት፣ መቅረብ፣ መልቀቅ» ብላችሁ ጻፉ፦ «1:42፣ ጅ3፣ መቅረብ፣ ጅ-ወ፣ ጆ-ፊ»።

6. የአመዘጋገብ ዘዴ ምረጡ። ሁለቱ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ።

አንድን መከታተል፦ አንድ ጅብ ትመርጣላችሁ፤ ለ15 ደቂቃ እሱን ብቻ ታያላችሁ፤ የሚያደርገውን ሁሉ ከነሰዓቱ ትጽፋላችሁ። ማን እንደሚመረጥ ቀድማችሁ በዕጣ ወስኑ። እዚያው ከመረጣችሁ ዓይናችሁ ወደሚንቀሳቀሰው ይሄዳል። ከግንብ ኋላ ሲሰወር «ተሰወረ»፣ ሲመለስ «ታየ» ብላችሁ ሰዓቱን ያዙ።

ቅኝት፦ ስልኩ በነዘረ ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ዓይናችሁን አሳልፉና በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ምን እያደረገ እንደሆነ ጻፉ። ከንዝረቱ በፊት ወይም በኋላ የሆነው፣ ምንም ያህል ቢማርክ፣ አይገባም። ለመተኛት፣ ለመቆም፣ ለመብላት ይሆናል፤ ለንክሻና ለሰላምታ ግን አይሆንም፤ እነዚያ በሁለት ንዝረት መካከል ጀምረው ያልቃሉ።

7. ሰዎቹንም በዚያው ሕግ መዝግቡ። ጅብ ሲቀለብ የሚያይ ሰው ምን ያደርጋል? «ፈራ» ሳይሆን «ወደ ኋላ 1 እርምጃ፣ እጅ በሌላ ሰው ክንድ ላይ፣ ስልክ ወደ ላይ»። ሳቅ እዚህም ያሳስታል። ጅቡ ሁለት ሜትር ላይ ደርሶ የሚስቅ ሰው በእግሩ ወደ ኋላ እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ እግሩን ጻፉ። ርቀትን በግምት አትናገሩ፤ በቀን ሄዳችሁ ከቀላቢው መቀመጫ 2፣ 5 እና 10 ሜትር የት የት እንደሚያርፍ በመለኪያ ሜትር ለኩና ድንጋይ ወይም ምሰሶ ምልክት አድርጉ።

ጊዲር መጋላ ላይ ለእያንዳንዱ የጭልፊት ውርወራ አራት ነገር ይበቃል፦ ሥጋው ተሸፍኗል ወይስ አልተሸፈነም፣ የሰውየው ፊት ወዴት ዞሯል፣ ጭልፊቱ የመጣው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ፣ ወሰደ ወይስ አልወሰደም። ያልተወረወረባቸውንም አላፊዎች ቁጠሩ። እነሱ ካልተቆጠሩ «ያልሸፈነ ሰው ይጠቃል» ማለት አይቻልም፤ ምናልባት የሚሸፍን ሰው ጥቂት ይሆናል።

ሰውን በተመለከተ ወሰን አለ። በአደባባይ የሚሆነውን ብቻ መዝግቡ። በር ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ፣ መስጊድ ደጃፍ አታነጣጥሩ። ስም፣ መልክ፣ የሱቅ ምልክት አይጻፍም፤ «ሴ1፣ ወ2» ይበቃል። ፎቶና ቪዲዮ ያለ ፈቃድ አይነሣም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቀላቢውንና በዙሪያው ያሉትን ሥጋ ሻጮች ሰላም በሉ፣ ደብዳቤውን አሳዩ፣ የምትሠሩትን ንገሩ። «ምን ትጽፋላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ገጹን አሳዩት። ተደብቆ የሚጽፍ ሰው በአንድ ቀን ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ የሚራመድ ነው።

8. ሁለት ሰው መስማማቱን ፈትሹ። ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ያንኑ እንስሳ በያንዳንዱ ንዝረት መዝግቡ። ከ40 ቅኝት በ34ቱ ከተስማማችሁ 85 በመቶ ነው። ከ80 በታች ከሆነ ያልተስማማችሁባቸውን አውጡና ፍቺያቸውን እንደገና ጻፉ፤ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ምልክት ብቻ ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ እንስሳው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ከዋለ ሁለታችሁም «ተኝቷል» እያላችሁ ሳታዩ ልትስማሙ ትችላላችሁ። ስምምነቱን ለየድርጊቱ ለብቻ አስሉ።

9. አስሉ። መካፈል ያለበት በታየበት ጊዜ እንጂ በተቀመጣችሁበት ጊዜ አይደለም። ጅ3ን 15 ደቂቃ ተከታተላችሁ፣ 5 ደቂቃ ተሰውሯል፣ 4 ጊዜ ለቅቋል። በ10 ደቂቃ 4 ማለት በሰዓት 24 ነው። በ15 ብታካፍሉ 16 ይሆንና ከግንብ ጀርባ የሚውለውን ጅብ ሁሉ ጸጥተኛ ታደርጉታላችሁ።

የማን ደረጃ ከማን በላይ እንደሆነ ለማወቅ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ በአግድም የለቀቀው፣ በቁም ያስለቀቀው፣ በየሳጥኑ ጭረት። ቀላቢው ሥጋውን ለአንዱ ሲዘረጋ ሌላው ቢርቅ አትቁጠሩት፤ ያን ቅደም ተከተል የወሰነው ሰው ነው። ያንን የቆጠረ ሰው የሚያገኘው የቀላቢውን ምርጫ ነው።

10. ትርጉሙን አሁን ፈልጉ። ለአንድ ድርጊት ቢያንስ ሦስት ማብራሪያ ጻፉ። ጅ5 ሦስት ምሽት ከሁሉም ኋላ ቀረ እንበል። (ሀ) በደረጃ ዝቅ ያለ ነው፤ (ለ) ሰው ያልለመደ ነው፤ (ሐ) ሌላ ቦታ በልቶ ነው የመጣው። እያንዳንዱ ሌላ ነገር ይተነብያል። (ሀ) ከሆነ ሰው በሌለበትም ለሌሎች ይለቃል፤ (ለ) ከሆነ ሰው ሲያንስ ይቀርባል፤ (ሐ) ከሆነ ሲቀርብም ሳይወስድ ይመለሳል። ደብተራችሁ የትኛውን እንደሚደግፍ እዩ። ለሦስቱም የሚስማማ ከሆነ ገና አልመለሳችሁም፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና ጥያቄውን አጥብቡ።

ማስጠንቀቂያ

- ጅብና በመጣበት መንገድ መካከል አትቁሙ። መውጫ ያጣ እንስሳ የሚያደርገው ከመዝገባችሁ ውጭ ነው።
- ቀላቢው ዘንድ የለመደ ጅብ በጀጎል (በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ) ጠባብ መንገድ ውስጥ ስታገኙት ያው አይደለም። ተከትላችሁ ጎዳና ውስጥ አትግቡ፤ ጉድጓዱ ድረስም አትሂዱ። ካጋጠማችሁ አትሩጡ፤ ፊታችሁን ወደሱ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ።
- ልጆችን ይዛችሁ አትውጡ።
- ጅብ ወይም ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው።
- ጭልፊት እንዲወርድ ብላችሁ ሥጋ በእጅ አታንሡ፤ ጥፍሩ ጣት ይቆርጣል፤ መዝገቡም ይበላሻል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድን ጅብ በአንድ ምሽት 10 ጊዜ መዝግቦ «10 ጅብ አየሁ» ማለት። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ስሌቱ ትክክል ሆኖ መደምደሚያው ስለሚሳሳት ማንም አይነቃበትም። በሠንጠረዡ ላይ ስንት እንስሳ፣ ስንት ምሽት፣ ስንት ቅኝት እንደሆነ ሦስቱንም ለየብቻ ጻፉ።

«ዛሬ 5 ብቻ መጡ፤ የቀሩት ጠፍተዋል» ማለት። የአንድ መንጋ ጅቦች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ እየተነጣጠሉ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። አለመታየት አለመኖር አይደለም።

ከምሽቱ በኋላ ቤት ገብቶ «አስተካክሎ» መገልበጥ። ስትገለብጡ ጭረቱ ወደ ታሪክ ይለወጣል። የመጀመሪያውን ገጽ አትቅደዱ፤ ስህተት ካለ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ከጎኑ ጻፉ፣ ያረማችሁበትን ቀን ጨምሩ።

ምንም ያልሆነበትን ምሽት አለመጻፍ። 1 ሰዓት ተኩል ተቀምጣችሁ አንድም ጅብ ካልመጣ ገጹ ላይ ቀኑ፣ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ሰዓት፣ ዝናብ ወይም ነፋስ መኖሩ፣ የሰው ብዛትና «0» ይጻፋል።